ለጋራዥ ወርክሾፕ ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ኃይል ማስገባት፦ ወጪውን ደረጃ በደረጃ የማስላት መመሪያ

በመኖሪያ ቤቱ ጋራዥ ውስጥ የእንጨት ወይም የብረት ሥራ ማሽን ለመትከል ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው «አንድ ትልቅ ሶኬትና ብሬከር ለማስገባት ስንት ይፈጃል?» ብሎ ነው። ይሁን እንጂ ከጠቅላላው ወጪ ሶኬትና ብሬከር የሚይዙት ድርሻ ትንሽ ነው። ዋናውን ገንዘብ የሚወስዱት ሁለት ጉዳዮች ናቸው፤ አንደኛው ከቤቱ ዋና ቦርድ እስከ ወርክሾፑ ያለው ርቀት ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ ቤቱ የገባው መስመር ተጨማሪውን ጭነት መሸከም መቻሉ ወይም አለመቻሉ ነው። እነዚህ ሁለቱ በትክክል ሳይታወቁ የሚሰጥ ማንኛውም ዋጋ ግምት ከመሆን አያልፍም። ስለዚህ ይህ መመሪያ የኬብልና የብሬከር ምርጫን ወደ ኋላ አቆይቶ ከማሽኖቹ ዝርዝር ይነሣል።

ዋጋ ከአገር አገር፣ ከወርም ወር ስለሚለያይ ከዚህ በታች የገንዘብ መጠን አልተጠቀሰም። በምትኩ ስሌቱ በአምፔር፣ በሜትርና በኪሎ ግራም መዳብ የተሠራ በመሆኑ አንባቢው የአካባቢውን ዋጋ እያባዛ የራሱን ድምር ሊያገኝ ይችላል። ምሳሌዎቹ በ230 ቮልት ነጠላ ፌዝና በ400 ቮልት ሦስት ፌዝ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ፌዝ ማለት ኃይል የሚያመጣው ሽቦ ነው፤ ነጠላ ፌዝ አንድ፣ ሦስት ፌዝ ደግሞ ሦስት እንዲህ ያለ ሽቦ አለው። በሰሜን አሜሪካ ቤቶች እንደተለመደው 120 እና 240 ቮልት በአንድነት የሚገባላቸው አንባቢዎች ለትልልቅ ማሽኖች በ240 ቮልት ያስሉ፤ ውጤቱ ከነጠላ ፌዙ ምሳሌ ብዙ አይርቅም።

ደረጃ 1፦ የማሽኖቹን ጭነት መመዝገብ

በእያንዳንዱ ሞተር ላይ የተለጠፈው የብረት ሰሌዳ ቮልቴጁን፣ የፌዙን ብዛት፣ ኪሎዋቱንና አምፔሩን ይናገራል። ከእነዚህ ውስጥ ለእኛ የሚያስፈልገው አምፔሩ ነው፤ ምክንያቱም በሰሌዳው ላይ ያለው ኪሎዋት ሞተሩ በዘንጉ በኩል የሚሰጠው ጉልበት እንጂ ከመስመሩ የሚስበው አይደለም። አምፔሩ ከጠፋ፣ የሞተሩን ብቃት 0.85፣ የኃይል ፋክተሩንም 0.8 ብሎ በመያዝ ማስላት ይቻላል፦ 3 ኪሎዋት ሞተር በ230 ቮልት ነጠላ ፌዝ 3000 ÷ (230 × 0.8 × 0.85)፣ ማለትም 19 አምፔር ያህል ይስባል። ያው ሞተር ባለ ሦስት ፌዝ ቢሆን በ400 ቮልት በየፌዙ የሚስበው 6.4 አምፔር ብቻ ነው። ሰሌዳው በፈረስ ጉልበት የተጻፈ ከሆነ አንዱ የፈረስ ጉልበት 0.746 ኪሎዋት ነው።

ለብየዳ ማሽን ስሌቱ ይለያል። በ200 አምፔር የሚበይድ ማሽን 200 አምፔር ከግድግዳው ይስባል ማለት አይደለም፤ በኤሌክትሮድ ብየዳ በዚያ መጠን ላይ የቅስቱ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደው ብልጭታ) ቮልቴጅ 28 ያህል ስለሆነ የሚወጣው ኃይል 5.6 ኪሎዋት ነው። ከመስመሩ የሚስበው እንደ ማሽኑ ዓይነት ከ30 እስከ 40 አምፔር ይደርሳል። በሰሌዳው ላይ ሁለት የግቤት አምፔሮች ተጽፈው ከተገኙ ትልቁ በብየዳ ሰዓት የሚሳበው ከፍተኛው መጠን ሲሆን፣ ትንሹ ደግሞ የእረፍቱ ጊዜ ታስቦ ኬብሉን የሚያሞቀው አማካይ መጠን ነው።

ለምሳሌ ያህል አንድ ወርክሾፕ የሚከተሉት አሉት እንበል፦ 19 አምፔር የሚስብ የእንጨት መጋዝ፣ 14 አምፔር የሚስብ ባለ 2.2 ኪሎዋት ኮምፕረሰር፣ 10 አምፔር የሚስብ አቧራ መሳቢያ፣ 10 አምፔር የሚስብ ቶርኖ፣ 35 አምፔር የሚስብ ብየዳ፣ እንዲሁም 2 አምፔር የሚወስዱ መብራቶች። ሲደመር 90 አምፔር ይሆናል። ይህን ድምር ይዞ ወደ ባለሙያ የሚሄድ ሰው የማያስፈልገውን ትልቅ መስመር ሊገዛ ነው።

ደረጃ 2፦ በአንድ ጊዜ የሚሠሩትን ብቻ መለየት

ብቻውን የሚሠራ ሰው በአንድ እጁ እየበየደ በሌላው እንጨት አይሰነጥቅም። በምሳሌአችን አብረው ሊሠሩ የሚችሉት መጋዙ፣ አቧራ መሳቢያው፣ መብራቱና ሳይታሰብ በራሱ የሚነሣው ኮምፕረሰር ናቸው፤ ድምራቸውም 45 አምፔር ነው። ይህ ቁጥር ወደ 50 ወይም 63 አምፔር መስመር ይገፋል። ነገር ግን መጋዙ ሲሠራ ኮምፕረሰሩ እንዳይነሣ የሚያደርግ አንድ ኮንታክተር (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ቢገባ፣ ወይም በቀላሉ ኮምፕረሰሩ በእጅ በሚገለበጥ ማብሪያ ብቻ እንዲነሣ ቢደረግ፣ ድምሩ ወደ 31 አምፔር ይወርዳል። ብየዳው ከመብራቱ ጋር 37 አምፔር ስለሚሆን 40 አምፔር መስመር ለሁሉም ይበቃል። የአንድ ኮንታክተር ዋጋ ከኬብሉ ልዩነት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ከጠቅላላ ሥራው በአነስተኛ ገንዘብ ትልቅ ቁጠባ የሚገኝበት ቦታ ይህ ይመስለኛል።

ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚሠሩበት ወርክሾፕ ግን ይህን ዓይነት ቅነሳ ማድረግ አይችልም፤ እዚያ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሚይዘው ትልቁ ማሽን መደመር አለበት።

ደረጃ 3፦ ቤቱ ያለው አቅም ይበቃ እንደሆነ ማረጋገጥ

ዋናው ብሬከር ላይ የተጻፈው አምፔር ለመላው ቤት የተፈቀደው ጣሪያ ነው። ከዚያ ላይ የቤቱ የራሱ ፍጆታ መቀነስ አለበት። የቤቱን ፍጆታ ለማወቅ አስተማማኙ መንገድ ምድጃ፣ የውኃ ማሞቂያና ማጠቢያ ማሽን አንድ ላይ በሚሠሩበት ሰዓት ባለሙያ በክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ ታቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) ዋናውን መስመር እንዲለካ ማድረግ ነው። ለምሳሌ ዋናው ብሬከር 63 አምፔር ሆኖ ቤቱ በጭንቁ ሰዓት 30 አምፔር የሚወስድ ከሆነ ለወርክሾፑ የሚተርፈው 33 አምፔር ነው። ይህ መጋዙን ያሠራል፤ ብየዳውን ግን የውኃ ማሞቂያው በጠፋበት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ገደብ ተቀብሎ መኖር አንዱ አማራጭ ነው፤ ገንዘብም አያስወጣም።

ይህን ካወቁ በኋላ ከሦስት ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ ይገኛሉ። በመጀመሪያው ሁኔታ አቅሙ አለ፤ ወጪው ከቦርዱ እስከ ወርክሾፑ ባለው ሥራ ብቻ ይወሰናል። በሁለተኛው አቅሙ ስለማይበቃ የመግቢያው መስመር፣ ቆጣሪውና ዋናው ቦርድ መለወጥ ይኖርባቸዋል። በሦስተኛው ደግሞ ባለ ሦስት ፌዝ አዲስ አገልግሎት መጠየቅ ግድ ይላል። ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው ሲታለፍ ወጪው በጥቂቱ አይጨምርም፤ ደረጃ ይዘላል። ምክንያቱም ከቆጣሪው በላይ ያለው ሥራ የኃይል አቅራቢው ድርጅት ስለሆነ ዋጋውንም ጊዜውንም የሚወስነው እርሱ ነው። በአቅራቢያ ያለው ምሰሶ ሦስቱንም ፌዝ የያዘ መሆኑና ትራንስፎርመሩ ትርፍ አቅም ያለው መሆኑ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ምሰሶው ነጠላ ፌዝ ብቻ ከያዘ አዲስ ሽቦ እስከዚያ መዘርጋት ስለሚኖርበት፣ አንዳንድ ጊዜም ትራንስፎርመር መጨመር ስለሚያስፈልግ፣ የጥያቄው ወጪ የማሽኖቹን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻ ከማስገባት በፊት ምሰሶውን በዓይን ማየት፣ ከዚያም በጽሑፍ የተደገፈ የዋጋ መግለጫ መጠየቅ ይገባል።

ደረጃ 4፦ ነጠላ ፌዝ ወይስ ሦስት ፌዝ

እንደ ጀርመንና ስዊድን ባሉ አገሮች ሦስት ፌዝ በመኖሪያ ቤት የተለመደ ነው፤ በሰሜን አሜሪካ ግን በቤቶች አካባቢ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ቀድሞ ቤት ውስጥ ካለ ጥያቄው አይነሣም፤ መጠቀም ነው። ከሌለ ግን በእኔ አስተያየት አብዛኛው የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ አያስፈልገውም። ከ4 ኪሎዋት በላይ የሆነ ሞተር ያለው፣ ወይም ሁለት ትልልቅ ሞተሮችን በአንድ ጊዜ የሚያሠራ ሰው በእርግጥ ሊያስብበት ይገባል።

አንድ ያገለገለ ቶርኖ ወይም ፒያላ በርካሽ ተገኝቶ ሞተሩ ባለ ሦስት ፌዝ ስለሆነ ብቻ አዲስ መስመር ለማስገባት ከመሮጥ በፊት መታየት ያለባቸው መንገዶች አሉ። በጣም የተለመደው ቪ.ኤፍ.ዲ. (የሞተር ፍጥነት መቆጣጠሪያ) ነው፤ ይህ መሣሪያ ነጠላ ፌዝ 230 ቮልት ተቀብሎ ለሞተሩ ሦስት ፌዝ 230 ቮልት ይሰጣል። እስከ 2.2 ኪሎዋት ለሚደርሱ ሞተሮች በቀላሉ የሚገኝ ሲሆን፣ ሞተሩን ቀስ እያለ ስለሚያስነሣ የመነሻውን ድንጋጤ ያስቀራል፤ ፍጥነትንም ለማስተካከል ያስችላል። ከመግዛት በፊት ግን የሞተሩ ሰሌዳ መነበብ አለበት። ሰሌዳው 230/400 ካለ ሞተሩን በዴልታ (የሞተሩን ሦስት ጥቅሎች በሦስት ማዕዘን ቅርጽ) አገናኝቶ ማሠራት ይቻላል፤ 400/690 ካለ ግን በ230 ቮልት ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። በካፓሲተር ብቻ የሚሠሩት ርካሽ መለወጫዎች ሞተሩን ያስነሡታል፤ ሆኖም ከጉልበቱ ሁለት ሦስተኛ ያህሉን ብቻ ነው የሚያወጣው። አንዱ ማሽን ብቻ ችግር የሆነበት ሰው ሞተሩን በነጠላ ፌዝ ሞተር መተካትንም ከእነዚህ ጋር በዋጋ ያወዳድር።

ደረጃ 5፦ ኬብሉን በርቀት ማስላት

ኬብል የሚመረጠው በሁለት መስፈርት ነው፤ ሳይግል አምፔሩን መሸከሙ አንዱ ሲሆን፣ መጨረሻው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከሚገባው በላይ አለመውረዱ ሌላው ነው። ርቀቱ አጭር ሲሆን የመጀመሪያው ይወስናል፤ ጋራዡ ከቤቱ ርቆ ለብቻው የቆመ ሲሆን ግን ሁለተኛው ይገዛል። ከመግቢያው ጀምሮ እስከ መጨረሻው ማሽን ድረስ ያለው ጠቅላላ የቮልቴጅ መውረድ ከ5 በመቶ እንዳይበልጥ ማድረግ የተለመደ ልክ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለወርክሾፑ ዋና ኬብል ከ2.5 በመቶ በላይ ባይሰጥ መልካም ነው።

ለነጠላ ፌዝ ስሌቱ ይህ ነው፦ 2 × ርቀት በሜትር × አምፔር × 0.021 ÷ የሽቦው ስፋት በካሬ ሚሊ ሜትር። 0.021 በሥራ ላይ የሞቀ መዳብ ያለው የመቋቋም መጠን ነው። ርቀቱ 30 ሜትር፣ ጭነቱ 40 አምፔር ሲሆን 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል 8.4 ቮልት ያወርዳል፤ ይህም 3.7 በመቶ ነው። 10 ካሬ ሚሊ ሜትር 5 ቮልት ወይም 2.2 በመቶ ብቻ ያወርዳል። በተጨማሪ መጋዙ በቀጥታ ሲነሣ ለቅጽበት ከመደበኛው ከ5 እስከ 7 እጥፍ እንደሚስብ መታወስ አለበት። 19 አምፔሩ ወደ 115 ሲደርስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትሩ 24 ቮልት፣ 10 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ደግሞ 14.5 ቮልት ያወርዳል። ቀጭኑ ኬብል መብራቱን የሚያደክመው፣ ሞተሩንም ለመነሣት የሚያጓትተው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስት ፌዝ ካለ ነገሩ ይለወጣል። ያው 40 አምፔር በ230 ቮልት፣ ማለትም 9.2 ኪሎዋት፣ በ400 ቮልት በሦስት ፌዝ እኩል ሲከፈል በየፌዙ 13.3 አምፔር ብቻ ይሆናል። ስሌቱም በ2 ፋንታ በ1.73 ስለሚባዛ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ኬብል በ30 ሜትር 5.8 ቮልት፣ ማለትም ከ400 ቮልቱ 1.5 በመቶ ያህል ያወርዳል። ይህን በመዳብ ክብደት ስናየው ሦስት ባለ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦዎች በ30 ሜትር 8 ኪሎ ግራም ያህል መዳብ ሲይዙ፣ አምስት ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦዎች 3.4 ኪሎ ግራም ብቻ ይይዛሉ። ስለዚህ ርቀቱ እየረዘመ ሲሄድ ከሦስት ፌዝ የሚገኘው የኬብል ቁጠባ እየጨመረ ይሄዳል። ቁጠባው ግን የሚገኘው ማሽኖቹ ራሳቸው ባለ ሦስት ፌዝ ሲሆኑ፣ ወይም ነጠላ ፌዞቹ በሦስቱ ላይ በእኩል ሲከፋፈሉ ነው፤ 35 አምፔር የሚስበው ነጠላ ፌዝ ብየዳ በአንዱ ፌዝ ላይ ብቻ ስለሚወድቅ በዚህ ቀጭን ኬብል ሊሠራ አይችልም።

አሉሚኒየም ከመዳብ ይረክሳል፤ የማስተላለፍ አቅሙ ግን ከመዳብ 61 በመቶ ያህል ስለሆነ 10 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብን ለመተካት 16 ካሬ ሚሊ ሜትር ያስፈልጋል። ለረጅም የመሬት ውስጥ መስመር ጥሩ ምርጫ ነው። ችግሩ ያለው በመገናኛው ላይ ነው፤ ለአሉሚኒየም የተሠራ ማያያዣና ዝገት የሚከላከል ቅባት ካልተጠቀሙ መገናኛው እየላላ ይግላል። ወደ ቦርዱ ውስጥ ለሚገባው አጭር መስመርና ለማሽኖቹ መዳብ መጠቀም ይሻላል።

ደረጃ 6፦ ቁፋሮና ቱቦ

ጋራዡ ከቤቱ ጋር የተያያዘ ከሆነ ይህን ደረጃ ማለፍ ይቻላል፤ ትልቅ ወጪም ቀረ ማለት ነው። ለብቻው ከቆመ ግን ቦይ መቆፈር አለበት። ጥልቀቱን የየአገሩ ደንብ ይወስነዋል፤ በአብዛኛው ከ45 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር ሲሆን መኪና በሚያልፍበት ቦታ ይጨምራል። 30 ሜትር ርዝመት፣ 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትና 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቦይ 5.4 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣዋል። ለስላሳ መሬት ላይ ይህ የጉልበት ሥራ ብቻ ነው፤ ኮንክሪት ወይም ዐለት ካለ ግን የቁፋሮው ዋጋ ከኬብሉ ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ አጭሩ መንገድ ሁልጊዜ ርካሹ መንገድ አይደለም፤ ንጣፉን ዞሮ 5 ሜትር መጨመር ንጣፉን ሰብሮ መልሶ ከመሥራት ይሻላል።

ባለቤቱ ራሱ ሠርቶ ገንዘብ የሚቆጥብበት ክፍል ይህ ነው። ቦዩን መቆፈር፣ ከታች አሸዋ ማልበስ፣ ቱቦ መዘርጋትና አፈሩን መመለስ በብዙ ቦታ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ፈቃድ አይጠይቅም። ሁለት ነገር ብቻ ልብ ይበሉ፤ ከመቆፈር በፊት የውኃ፣ የጋዝና የስልክ መስመር ያለበትን ማጣራት፣ እንዲሁም መርማሪው ሳያይ ቦዩን አለመድፈን። ቱቦው ከኬብሉ ውፍረት ሰፋ ያለ ይሁን፤ ከጎኑም ገመድ የገባበት አንድ ባዶ ቱቦ አብሮ ይቀበር። ባዶው ቱቦ በዛሬ ወጪ ላይ የሚጨምረው ጥቂት ነው፤ ከዓመታት በኋላ ኢንተርኔት ወይም ተጨማሪ መስመር ሲፈለግ ግን ሁለተኛ ቁፋሮ ያስቀራል። ከኬብሉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የማስጠንቀቂያ ፕላስቲክ መዘርጋትም አይረሳ።

ደረጃ 7፦ የወርክሾፑ ቦርድ፣ መከላከያና ግራውንድ

ወርክሾፑ የራሱ ማከፋፈያ ቦርድ ይኑረው። በምሳሌአችን 8 መስመር ያህል ቢያስፈልግም 12 ቦታ ያለው ቦርድ መግዛት ይሻላል፤ የዋጋው ልዩነት ትንሽ ነው። መብራቱ ከማሽኖቹ በተለየ ብሬከር ላይ መሆን አለበት፤ መጋዝ እየዞረ ጨለማ መሆን አደገኛ ነው። ለሞተሮች ሲ ዓይነት ብሬከር ይመረጣል፤ ይህ ከተጻፈበት አምፔር ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሲደርስ ነው በቅጽበት የሚወድቀው፤ ለቤት መብራት የሚውለው ቢ ዓይነት ግን ከ3 እስከ 5 እጥፍ ላይ ስለሚወድቅ ሞተር ሲነሣ ሊያቋርጥ ይችላል። ለሶኬቶች 30 ሚሊ አምፔር አር.ሲ.ዲ. (ኃይል ወደ መሬት ወይም ወደ ሰው ሲያፈስ የሚያቋርጥ መከላከያ) ያስፈልጋል። ቪ.ኤፍ.ዲ. ያለበት መስመር ግን ከሌሎቹ ተለይቶ አምራቹ በሚያዝዘው የአር.ሲ.ዲ. ዓይነት ይጠበቅ፤ አለበለዚያ ያለ ምክንያት ሲያቋርጥ ይኖራል፤ ከዚያ የከፋው ደግሞ በሚያስፈልግበት ሰዓት ላያቋርጥ ይችላል።

የግራውንድ (የመሬት መከላከያ) ሽቦ ከዋናው ቦርድ ከኬብሉ ጋር አብሮ መምጣት አለበት። ለብቻው በቆመ ሕንፃ ላይ ተጨማሪ የመሬት ዘንግ መትከል እንደሚያስፈልግ ወይም እንደማያስፈልግ የየአገሩ ደንብ ይናገራል። ዘንጉ ብቻውን ግን ሽቦውን አይተካም፤ የመሬቱ መቋቋም ከፍተኛ ስለሆነ ብሬከሩን ለመጣል የሚበቃ አምፔር አያሳልፍም። ኒውትራልና (የመመለሻው ሽቦ) ግራውንድ በወርክሾፑ ቦርድ ውስጥ ተለያይተው መቆየታቸውንም ያረጋግጡ።

በዋናው ቦርድ ውስጥ የሚደረገውን ማገናኘት ፈቃድ ላለው ባለሙያ ይተዉት። ዋናው ብሬከር ቢወርድም ከቆጣሪው የሚመጣው ሽቦ ኃይል እንዳለው ይቆያል። በብዙ ቦታም ያለ ፈቃድ የተሠራ መስመር እሳት ቢነሣ የኢንሹራንስ ክፍያን ሊያሰናክል ይችላል።

ደረጃ 8፦ ዋጋ ማሰባሰብ

እስካሁን የተሠራው ስሌት በአንድ ገጽ ላይ ይጻፍ፦ የጭነቱ አምፔር፣ የኬብሉ ዓይነትና ርዝመት፣ የቦዩ ርዝመት፣ የቦርዱ መጠን፣ የሶኬቶቹ ብዛትና ዓይነት። ይህ ገጽ ለሦስት ባለሙያዎች እንዳለ ይሰጥ። ዝርዝር ሳይሰጡ የተቀበሏቸው ሦስት ዋጋዎች ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ስለሆኑ ሊነጻጸሩ አይችሉም። ዋጋው በእቃ፣ በጉልበት፣ በፈቃድና ምርመራ፣ እንዲሁም ለኃይል አቅራቢው በሚከፈል ተለይቶ እንዲጻፍ ይጠይቁ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ከባለሙያው ዋጋ ውስጥ ስለማይገባ ሰው የሚደነግጠው በእርሱ ነው። የመዳብ ዋጋ ከዓለም ገበያ ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ የዋጋው መግለጫ እስከ መቼ እንደሚጸና መጠየቅም አስፈላጊ ነው። በድምሩ ላይ ከ10 እስከ 15 በመቶ መጠባበቂያ ይጨምሩ፤ አሮጌ ቤት ከሆነ ከዚህም ከፍ ይበል፤ የዋናው ቦርድ ክዳን ሲከፈት የሚገኘው አይታወቅምና።

በጣም ዝቅ ያለ ዋጋ የሰጠውን ከመምረጥ በፊት ኬብሉ ስንት ካሬ ሚሊ ሜትር እንደሆነ ይመልከቱ። ቅናሹ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ከዚያ ነው።

ወርሃዊው ወጪ ለአብዛኛው ሰው ትንሽ ነው። 3 ኪሎዋት የሚሰጠው መጋዝ በሙሉ ጭነት ከመስመሩ 3.5 ኪሎዋት ያህል ስለሚስብ ለሁለት ሰዓት ሙሉ ቢሠራ 7 ኪሎዋት ሰዓት ይቆጥራል፤ በተግባር ግን አብዛኛውን ሰዓት ያለ ጭነት ስለሚዞር ከዚያ ያንሳል። መጣራት ያለበት የታሪፉ ዓይነት ነው። ሦስት ፌዝ ማስገባት ደንበኛውን ከመኖሪያ ቤት ወደ ንግድ ወይም ኢንዱስትሪ ታሪፍ የሚያዛውር፣ ወይም ባይጠቀምም በየወሩ የሚከፈል ቋሚ ሒሳብ የሚያመጣ ከሆነ፣ የአሥር ዓመቱ ድምር ከተከላው ወጪ ጋር ተደምሮ መታየት አለበት።

ደረጃ 9፦ ከመረከብ በፊት መለካት

የመጨረሻውን ክፍያ ከመፈጸም በፊት ባለሙያው በፊትዎ የሚያደርጋቸው ልኬቶች አሉ። የሽቦዎቹ ሽፋን (ኢንሱሌሽን) መቋቋም በ500 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል (ዲሲ) ሲፈተሽ ከ1 ሜጋ ኦም በታች መሆን የለበትም፤ አዲስ መስመር በጤናማ ሁኔታ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ያሳያል። የግራውንዱ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ መቀጠሉ፣ አር.ሲ.ዲ.ው በመሞከሪያ መሣሪያ ሲፈተን በጊዜው ማቋረጡ፣ በሦስት ፌዝ ደግሞ የፌዙ ቅደም ተከተል ሞተሩን በትክክለኛው አቅጣጫ የሚያዞር መሆኑ ይረጋገጥ። ከዚያ በኋላ ትልቁን ማሽን በጭነት እያሠሩ በወርክሾፑ ቦርድ ላይ ያለውን ቮልቴጅ ያንብቡ፤ ከዋናው ቦርድ ንባብ ጋር ያለው ልዩነት በደረጃ 5 ካሰሉት ብዙ ከራቀ፣ ወይ ኬብሉ ከተስማማው ቀጥኗል፣ ወይ አንዱ መገናኛ ላልቷል። የቦዩ አቅጣጫ ከመደፈኑ በፊት በፎቶ ተይዞ፣ የልኬቶቹ ውጤትና የእያንዳንዱ ብሬከር ስም የተጻፈበት ወረቀት በቦርዱ ክዳን ውስጥ ይለጠፍ። ከጥቂት ሳምንታት ሥራ በኋላም ባለሙያው ኃይሉን አጥፍቶ የማያያዣዎቹን ጥብቀት እንደገና እንዲያይ አስቀድሞ በውሉ ውስጥ ማስገባት ይቻላል።